የጨመርሁት ነፋስ

ነፋሱን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። የተሰበሰብንበት ኮሶ ዛፍ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም፤ ከስብሰባው ዳር የተቀመጠ ሰው ቢያስል መሀል ላለው ይሰማ ነበር። እኔ ግን ጽሑፌ ውስጥ ከጉና ተራራ አናት የሚወርድ ነፋስ አስገባሁ። ነፋሱ ወረቀት የሚያነበውን ጸሐፊ ቃል ከከንፈሩ ላይ እየነጠቀ ወደ ገደሉ ወሰደው ብዬ ጻፍሁ። የሰማት ሁሉ ያቺን ዐረፍተ ነገር ወደዳት። በሬዲዮ ስትነበብ ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከድምፄ ሥር የነፋስ ፉጨት አስገባባት። እንዲህ ሆኖ አንድ ያልነበረ ነፋስ በደቡብ ጎንደር ላይ ነፈሰ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር።

አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። እርፍ ያስያዙኝ እሳቸው፣ ሽማግሌ ልከው ሚስት ያጋቡኝ እሳቸው። ከደርግ በኋላ መሬት ሲሸጋሸግ፣ ባለፈው መንግሥት ሥልጣን የነበረው ገበሬ መሬቱ እየተቀነሰ ለሌላው ይሰጥ ነበር። አጎቴ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ አንድ ክረምት ብቻ የገበሬ ማኅበሩን የእህል ጎተራ ቁልፍ ይዘዋል። "አመራር ነበሩ" የሚል የምስክርነት ወረቀት ተጻፈባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ሆንሁ። ዘመዱ የመሰከረበትን ሰው ማን ያድነዋል? መሬታቸው በግማሽ ተቀነሰ። ከተቀነሰው ውስጥ ሁለት ጥማድ፣ ወንዝ ዳር ያለው፣ ለእኔ ደረሰ።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ሊሞቱ ሲሉ የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው አስገዘቱ፤ ሬሳቸውን እንዳልሸከም፣ ተዝካራቸውን እንዳልቀምስ። ሲቀበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ጭቃው እያንሸራተታቸው ሲቀባበሉ ከሩቅ አየሁ። አንደኛው ደክሞት ዘወር ዘወር ብሎ የሚተካው ሲፈልግ እኔን አየና መልሶ አንገቱን አዞረ። በእኛ አገር አሳዳጊውን ያልተሸከመ ሰው ለልጅ ልጁ መጠቆሚያ ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ጣትህን አድርግ አሉኝ፣ አደረግሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱ ይለሰልሳል፤ "ጎሽ፣ ወንድ ነህ" ይለኛል። ብዙ ዓመት በዚህ ኖሬያለሁ። መሃይምነት በደንብ ከያዙት እንደ ርስት ነው፤ ባረሱት ቁጥር የሰው ኀዘኔታ ያበቅላል።

ትምህርቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ነበር። ለሕፃን የተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ ደረቴን እየነካው ተቀመጥሁ። የሚያስተምሩን መሪጌታ ነበሩ፤ ተረብ ይወዳሉ።

"አንተ" አሉኝ አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ጎንበስ ብለው፤ "ስታርስ ትልምህ ቀጥ ያለ ነው ይሉኛል። ይቺን 'ለ' ለምን ገደል ትሰዳታለህ?"

"ሳርስ በሬው ያግዘኛል የኔታ" አልሁ፤ "እስክሪቢቶው ግን ብቻውን ሰነፍ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በዚህ ዕድሜህ ለመማር ምን አነሣሣህ ብለው ጠየቁኝ። "ጣቴ አንድ ጊዜ አታሎኛል፤ ዳግም እንዳያታልለኝ" አልሁ። ከተቀመጡት ውስጥ ኮሶው ሥር የነበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ አቀርቅረው ደብተራቸውን አዩ። እኔ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርሁት።

ከሰሌዳው ውጭ መጀመሪያ ያነበብሁት ነገር የመሬት ደብተሬ ነው። የወንዝ ዳሩ ማሳ አዋሳኞች ተጽፈዋል፤ በምሥራቅ ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ፣ በሰሜን የአጎቴ ስም። ፊደል በፊደል እየነካሁ አነበብሁት። እሳቸውን ካነጋገርሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ደብተሩን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት፤ ለማንም ማንበብ ቻልሁ ብዬ አላሳየሁም።

አጎቴ ከሞቱ በኋላ መሬቱን ለልጆቼ ትቼ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ የአንድ የሕዝብ ንባብ ቤት ዘበኛ ሆንሁ። በር ላይ ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት መምህርት ስድስት ያህል ሰው ሰብስባ ስለ መጻፍ ታስተምራለች። አንድ ቀን አጠገቤ ቆመች።

"ጋሼ፣ ግቡ እንጂ።"

"በሩን ማን ይጠብቀው?"

"በዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚሰርቅ ሰው ከተገኘ እኔ ራሴ እሸልመዋለሁ። ግቡ።"

ገባሁ። የምታስተምረውን "የፈጠራ ኢ-ልቦለድ" አለችው። የደረሰብንን እውነት እንጽፋለን፣ አጻጻፉ ግን እንደ ልቦለድ የሚነበብ ይሆናል አለች። ከኋላ ሆኜ፣ "ጠላ ነው ግን ጌሾ የለበትም እንደማለት ነው?" አልሁ። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፣ እሳቸው ብቻ ሳቁልኝ።

"የለም" አለች መምህርቷ። "ብቅሉም ጌሾውም የራስዎ ነው። እኔ ጠመቃውን ነው የማሳይዎት። ውኃ ብቻ እንዳይጨምሩበት።"

ልጅ ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ግን ሥራዋን ታውቅ ነበር። "አዘንሁ" ብዬ ስጽፍ በቀይ ትሰርዘውና "ሲያዝኑ እጅዎ ምን እየሠራ ነበር?" ትለኛለች። ተረትና ምሳሌ ስደረድር፣ "ይህ የአገር ነው፤ የእርስዎን ያምጡ" ትላለች። ያላስታወስነውን አላስታውስም ብለን እንድንጽፍ ደጋግማ ነግራናለች፤ "አላስታውስም ማለት ነውር አይደለም፤ ያልነበረውን ማስታወስ ነው ነውሩ።" ይህን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ገልብጬዋለሁ። አሁንም አለ።

ስለ በረዶ ጻፍሁ። እብናት ገበያ ወስጄ ስለሸጥሁት ወይፈን ጻፍሁ፤ ስለየው ገመዱ እጄ ላይ የተወውን ሽታ ጻፍሁ። ወደዱልኝ። በዚያ ዕድሜዬ ሰው ስናገር ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ እርሻ ላይ በሬው እንኳ እንደዚያ አያዳምጥም። ልቤ አበጠ። በሳምንቱ መካከል በር ላይ ቁጭ ብዬ ቅዳሜን የምጠብቅ ሆንሁ።

ከዚያ መምህርቷ "የሚያማችሁን ጻፉ" አለች። ምን እንደምጽፍ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የጣቴን ታሪክ ጻፍሁ። ማንበብ የማይችል ወጣት ገበሬ፣ በማያውቀው ወረቀት ላይ ጣቱን አድርጎ ያሳደገውን ሰው መሬት አስነጠቀ። አውራ ጣቱ ላይ የተቀባው የእስክሪቢቶ ቀለም ለሦስት ቀን አለቀቀም። ይህ የቀለሙ ነገር እውነት ነው።

ሳነበው ሁሉም አቀርቅረው ሰሙ። አብራን የምትማር አንዲት ነርስ እንባዋን ጠረገች። መምህርቷ ብቻ በእርሳሷ ጠረጴዛውን እየነካች አሰበች።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "እንዲህ ያለ ወረቀት ጣት ከመደረጉ በፊት አይነበብም እንዴ?"

"ይነበባል እንጂ" አሉ ጡረተኛው። "'ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አምኜ ጣቴን አድርጌያለሁ' የሚል አለው። እኔ ራሴ ስንቱን አንብቤያለሁ።"

"ለእርስዎስ ጸሐፊው አላነበበልዎትም?"

ስድስቱም አዩኝ። አላነበበም ብል ጡረተኛው እንደማያምኑኝ አወቅሁ። አንብቧል ብል ደግሞ ታሪኬ አለቀ።

"አንብቧል" አልሁ። "ግን ነፋስ ነበር።"

መምህርቷ እርሳሷን አስቀመጠች። "ይህን ለምን አልጻፉትም? ታሪኩ እኮ እሱ ነው።"

ቤቴ ሄጄ ጻፍሁት። ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ነፋሱ ሲመጣ ሁሉ ነገር አብሮት መጣ፤ የሚውለበለበው ወረቀት፣ በሁለት እጁ የያዘው ጸሐፊ፣ ኩታዬ ጆሮዬን የሸፈነበት። ጽፌ ስጨርስ እኔ ራሴ አለቀስሁ። እያለቀስሁ ያን ቀን ነፋስ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ የነገረኝ የለም።

መምህርቷ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ታውቅ ነበር። እዚያ ሄጄ በራሴ ድምፅ አነበብሁት። ስም አልጠራሁም፤ የእኛ አገር ሰው ግን ስም አያስፈልገውም። እሑድ ከሰዓት ተላለፈ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጣሁ። ከመንደሬ የመጣ፣ ድንች የሚሸጥ ጎረቤት አገኘሁ። እኩዬ ነው፤ ያን ቀን ኮሶው ሥር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

"እሰይ የሬዲዮው ሰው" አለኝ። "ደህና ነህ? ብርድ አልመታህም?"

"የምን ብርድ?"

"ያ ሁሉ ነፋስ ጆሮህ ገብቶ።" ድንቹን እያገላበጠ ነው የሚናገረው፤ ቀና አላለም። "እኔ እኮ ትከሻህን ተደግፌ ነበር የተቀመጥሁ። ነፋሱ እኔን ዘሎ አንተን ብቻ መታህ ማለት ነው?"

"ታሪክ ነው" አልሁት። "ሲጻፍ እንዲህ ነው።"

"እንዴታ። እኔም በል አንድ ቀን ልማርና፣ ያን ጊዜ በሬህን የሰረቅሁት እንቅልፍ ይዞኝ ነበር ብዬ እጽፋለሁ።" ሳቀ፤ በሬዬን ሰርቆኝ አያውቅም። ከዚያ ሳቁን ተወና አየኝ። "እኔ ምን ቸገረኝ። የአጎትህ ባለቤት ግን ሰምተዋል። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ሰምተው አልቅሰዋል አሉ። እሳቸው ያን ቀን ቤት ነበሩ፤ ስብሰባው የወንድ ነበር። ድንች ትገዛለህ ወይስ ዞር ትልልኝ?"

ድንች አልገዛሁም።

አሁን ያን ቀን የሆነውን ልጻፍ። ከስብሰባው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የመሬት አሸጋሻጊው ኮሚቴ ሰው ቤቴ መጥቶ፣ "ወንዝ ዳሩ ለአንተ ቢሆን ይከፋሃል?" ብሎ ጠይቆኛል። አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርሁ፤ መሬት አልነበረኝም። አይከፋኝም አልሁ። ስብሰባው ረፋዱ ላይ ነበር። ጸሐፊው ቆሞ የምስክርነት ቃሌን አነበበ። አጎቴ የገበሬ ማኅበር አመራር ነበሩ፣ በሥልጣናቸው ከድርሻቸው በላይ መሬት ይዘዋል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ቃሉ አንድም ሳይቀር ገባኝ። "ድገመው" አልሁት። ያልሰማሁ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ድገመው ያልሁት ስላልሰማሁ አይደለም። በመካከሉ አንድ ሰው ተነሥቶ "ይህ ሐሰት ነው" እንዲልልኝ ነበር። ማንም አልተነሣም። ሰው ሁሉ የየራሱን መሬት እያሰበ መሬት መሬቱን ያያል።

"ትክክል ነው ትላለህ?" አለኝ ጸሐፊው።

"እላለሁ" አልሁ።

አውራ ጣቴን ይዞ በእስክሪቢቶ ቀባው፤ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። አጎቴ ከእኔ አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ሊመቱኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርሁ። ጎንበስ ብለው ሣር ነጩና ሰጡኝ።

"ጥረግበት" አሉኝ፤ "ኩታህን እንዳታበላሽ።"

ኩታውን ለሠርጌ ያሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያነጋገሩኝ ቃል የለም። መምህርቷ "እጅዎ ምን እየሠራ ነበር?" እያለች ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ፣ እጄ ሣር ይዞ እንደነበር አንድም ቀን አልጻፍሁም።

ከገበያው በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት የአጎቴ ሚስት ቆመዋል። ከኋላቸው የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። እቴቴ ነው የምላቸው፤ እናቴም ከሞተች በኋላ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከጋሳይ በሚኒባስ ነው የመጡት። አንገታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ከመንገዱ ዳር አንሥተው ነው።

በእኛ ዘንድ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። በዳዩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚያ ደጃፍ ላይ እኔ ብቻ ነበርሁ።

"ልጄ" አሉ ጎንበስ እንዳሉ፤ "ባልሰማኸው ነገር ይህን ሁሉ ዘመን ቀጣንህ። እሱም ቂሙን ይዞ ሄደ። ከቃሬዛው የከለከልንህን ይቅር በለኝ።"

"እቴቴ፣ ኧረ ይተው" አልሁ።

"እትየ የሠሩት ትክክል ነው" አሉ ቄሱ። "ግዝቱን ፈትቼዋለሁ። አንተም በል፣ አታቁማቸው።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቻለሁ። ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ ባለቤቴን አየሁ፤ ውኃ ይዛ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ድንጋዩ የአሮጊቷን አንገት ተጭኖት እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ይውረድላቸውና ከዚያ እናገራለሁ አልሁ በልቤ። ሁለት እጄን ዘርግቼ አወረድሁት። የአንገታቸው ሙቀት ድንጋዩ ላይ ነበር። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልሁ።

አልተናገርሁም። ገቡ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦ ቆረስን። እቴቴ ጉንጬን እየዳሰሱ ነገሩኝ፤ ሬዲዮውን የሰሙ ዕለት መቃብሩ ላይ ሄደው ባላቸውን ወቅሰውታል። "'ልጁ ምን አደረገህ፣ ነፋስ ለወሰደበት?' አልሁት" አሉኝ። ዳቦውን በጠላ አወረድሁት።

ማክሰኞ ለመምህርቷ ነገርኋት። ንባብ ቤቱ በር ላይ ቆመን ነው።

"ውኃ ጨመሩበት" አለች።

"ጨመርሁበት።"

"ያን ቀን 'ታሪኩ እሱ ነው' ያልሁዎት እኔ ነኝ።"

"ነፋሱን አንቺ አላመጣሽውም።"

"አላመጣሁትም። ግን ስለወደድሁት አልጠየቅሁም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ፊደል በልጅነቱ የቆጠረ ቢሆን፣ እጠይቀው ነበር።" ይህን ስትል ፊቷ ቀላ። ያን ቀን ከተናገርነው ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው፤ እውነት ነበርና። "እንደገና ይጻፉት" አለች። "ሬዲዮውን እኔ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን ለማን እንደሚያነቡት ያውቃሉ።"

ጻፍሁት። አራት ገጽ ሆነ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። መልሼ ሳነበው ግን ሌላ ነገር አየሁ፤ ራሴን አሳምሬ አዋርጄዋለሁ። "እኔ ውሻ" ብያለሁ፣ "ይሁዳ" ብያለሁ፣ ሣሩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። የሚያነበው ሰው መጨረሻው ላይ ደርሶ "ምስኪን፣ እንዴት ቢጸጸት ነው" እንዲል አድርጌ ነው የጻፍሁት። ሰው ሲማር የሚማረውን አይመርጥም፤ እኔ መጀመሪያ የተማርሁት መወደድን ነው። ግማሹን ሰርዤ የቀረውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

እቴቴ ቤት ስደርስ ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር፤ የጉና አናት ግን በደመና ተሸፍኗል። የመጡትን ሦስት ሰዎች አስጠርቻለሁ። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እቴቴ የቤቱ ደፍ ላይ አጭሯን በርኩማ ይዘው ተቀመጡ። ቆሜ ወረቀቱን አወጣሁ።

"ምንድን ነው?" አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ።

"የምናገረውን ጽፌ ነው ያመጣሁት።"

"ኪስህ ክተተው። እዚህ ድረስ ያመጣን ወረቀት ነው።"

ከተትሁት። እጄ ባዶውን ሲቀር የማደርገው ጠፋኝ። ዓመታት ሙሉ ያለ ወረቀት ስናገር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንደኛው ቃል ከየት እንደሚጀመር አጣሁ። ሽማግሌው አልቸኮሉም፣ አላገዙኝምም።

"ነፋስ አልነበረም" አልሁ። "ሁለቴ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። መሬቱን ፈልጌው ነው።"

ሌላ የምለው አልነበረም። ከአራት ገጹ የተረፈው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ። እቴቴ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። በርኩማቸውን ወደ እኔ አዙረው ተናገሩ።

"ያን ቀን አጎትህ እቤት ሲገባ፣ 'ጣቱን የሚጠርግበት ሣር ሰጥቸዋለሁ' አለኝ። ሌላ አልነገረኝም። አንተ በሬዲዮው ሣሩን አላነሣህም።" ቀና ብለው አዩኝ። "ረስቶት ነው ብዬ ነበር።"

"አልረሳሁትም እቴቴ።"

"ሄጄ ወቅሼዋለሁ እኮ። በሕይወት እያለ ክፉ ተናግሬው የማላውቀውን ሰው፣ መቃብሩ ላይ ቆሜ 'ጨካኝ ነህ' ብዬዋለሁ። አሁን ሄጄ ምን ልበለው?"



ትልቁ ሽማግሌ ቄሱን አዩ። ቄሱ፣ "ግዝቱን የፈታሁት በሐሰት ነው፤ እንዳልተፈታ ይቆጠራል" አሉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "በሬዲዮ ያልኸውን በሬዲዮ ትመልሳለህ። የሰማው ሁሉ እንዲሰማ። ሳታሳምር።" እሺ አልሁ። ይህ የምታነቡት ለዚያ የተጻፈው ነው፤ መምህርቷ አንድም ቃል አልነካችውም፤ እንዳትነካው ለምኛታለሁ። ብዙ ቦታ አሁንም አሳምሬ ይሆናል። ማወቅ የማልችለው እሱን ነው።

"ይቅርታውስ?" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ እቴቴ ጠጋ ብለው። "ምን ይላሉ?"

"እኔ አልረግመውም" አሉ እቴቴ። "ባሌ የገዘተውን ግን አልፈታም። የእሱ ነው።"

ከዚያ ተነሡ፤ ምሳ ደርሷል፣ ግቡ አሏቸው። ሦስቱ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ግዝት ላይ ያለ ሰው ከእነዚያ ሰዎች ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ይህን የሚነግረኝ አላስፈለገም። ልሄድ ዞሬ ከአጥሩ ስወጣ እቴቴ ከኋላዬ ጠሩኝ። በቅጠል የያዙት ሁለት የተቀቀለ ድንች ነበር። በአጥሩ ላይ አሳልፈው ሰጡኝ።

"ከእኔ ቤት ሰው ተርቦ አይሄድም" አሉ፤ ፊቴን አላዩም። "ብላና ሂድ።"

ትኩስ ነበር። እዚያው ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ልጣጩን ሳልልጥ በላሁት። እቴቴ እስክጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።